ልጆቹን ከጓዳ አታስወጧቸው



ባለፈው ቅዳሜ ከትንንሾቹ ክፍል ጋር ስለ ምግብ ስንጫወት «እንጀራ ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከሱቅ!» አሉ በአንድ ድምፅ። አልተሳሳቱም። እዚህ አገር ለአብዛኛው ቤት እንጀራ በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ነው የሚመጣው። አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አወጣችና «አያቴ ጋ ግን መጀመሪያ ይቦካል፣ ከዚያ ኩፍ ይላል፣ ከዚያ ይጋገራል» አለች። «ኩፍ» የሚለው ቃል ለሌሎቹ አዲስ ስለነበር ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት ጉንጮቿን በአየር ነፍታ አሳየችኝ።

ይህን ቃል እኔ አላስተማርኳትም። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥም የለም። ያገኘችው ከአያቷ ጎን ቆማ የሊጡን ዕቃ ክዳን ከፈት እያደረገች ስታይ ነው።

እናም በዚህ ወር ስለ ማዕድ ቤታችን ታሪክ ትንሽ ላጫውታችሁ አሰብኩ። ብዙዎቻችን «እናቴ ሁሉን ነገር ከዱቄቱ ጀምራ በእጇ ነበር የምታዘጋጀው፤ እኔ ግን ይኸው ከሱቅ እገዛለሁ» እያልን እንቆጫለን። ታሪኩን ሳየው ግን የምንቆጨው በማይገባን ነገር ይመስለኛል። የሚያስቆጨን ሌላ ነገር አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ድስታችን ሁልጊዜ እንግዳ ተቀባይ ነበር

መጀመሪያ የራሳችን የምንለውን እንቁጠር። ጤፍ የራሳችን ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከዱር ሣር መርጠው እህል ያደረጉት የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬዎች ናቸው። ፍሬው ከመድቀቁ የተነሣ የአንዲት ስንዴ ክብደት እንዲሞላ 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል ይባላል። ኮረሪማ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቡናም የዚያው አፈር ልጆች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 ጎንደር ተቀምጦ ያየውን በ1790 ባሳተመ ጊዜ፣ ስለ ጤፍና ከጤፍ ስለሚጋገረው እንጀራም ጽፏል።

በርበሬስ? እዚህ ላይ ልጆቻችሁን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁንም የሚያስገርም ነገር አለ። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውሮፓም አንድም ሰው በርበሬ ቀምሶ አያውቅም። ወደኛ የደረሰው ከዚያ በኋላ በባሕር ነጋዴዎች በኩል ነው። ከዚያ በፊት የኛ ሰው ወጡን የሚያቃጥለው በሌላ ነገር ነበር፦ ከሕንድ በሚመጣ ቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝ፣ በዝንጅብል። ዛሬ «ያለ እሱ ዶሮ ወጥ የለም» የምንለው ያ ደማቅ ቀይ ቀለም ዕድሜው ቢበዛ አምስት መቶ ዓመት ነው ማለት ነው።

ቃሪያም፣ ቲማቲምም፣ በቆሎም፣ ዱባም፣ ድንችም መነሻቸው አሜሪካ ነው። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነና ጊዜውም 1858 እንደነበር ይነገራል። ሽምብራ፣ ምስርና አተር ደግሞ በጣም በጥንት ዘመን ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ናቸው። ሽሮአችን እንግዲህ የእነርሱ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዕውቀት ለማሳየት አይደለም። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ በርበሬ ሲመጣ አንዲት ስሟ ያልተጻፈ እናት ያንን የማታውቀውን ቀይ ፍሬ በእጇ ይዛ ምን እንደምታደርገው አስባለች። አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከኮረሪማ ጋር ደልዛ የራሷ አደረገችው። ድልህና አዋዜ የምንላቸው ነገሮች የተወለዱት እንዲያ ነው። ወግ አጥባቂ የምንለው ማዕድ ቤት የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ በራሱ መንገድ ያሰናዳ ማዕድ ቤት ነው።

ጉልበቱ የማን ነበር?

«የድሮ ሰው ሁሉን በእጁ ነበር የሚሠራው» ስንል ደግሞ እጁ የማን እንደነበር እንጠይቅ። ሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት እህል የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ ነው። ሴቷ ገና ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ፣ ተንበርክካ ወይም ጎንበስ ብላ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ እየገፋች እየሳበች ትፈጫለች። ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ቀን እንጀራ ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያ ውሃ መቅዳት አለ፣ እንጨት ለቀማ አለ፣ ጭስ የሞላው ጓዳ አለ። እናቶቻችን ዓይናቸው የሚያለቅሰው በሽንኩርት ብቻ አልነበረም።

በትልልቁ ቤት ጉልበቱ የሌላ ሰው ነበር። በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ድግስ በታሪክ መጻሕፍት ይጠቀሳል። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባም በሺህ የሚቆጠር ሰው ይስተናገድ ነበር። የእቴጌይቱ ስም ተጽፎ ይኖራል፤ ይገባቸዋልም። የፈጪዎቹ፣ የጋጋሪዎቹ፣ የወጥ ሠሪዎቹና የእንጨት ተሸካሚዎቹ ስም ግን አልተጻፈም። በዚያ ዘመን ከእነርሱ መካከል ባሪያዎችም ነበሩባቸው። እኛ ራሳችን ከተማ ያደግነው ብንሆን፣ «የእናቴ እንጀራ» የምንለውን ብዙ ጊዜ ትጋግር የነበረችው ከገጠር የመጣች፣ ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ እንደነበረች አንርሳ። ዛሬም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስንት እኅቶቻችን ሳምንቱን ሙሉ የሰው ማዕድ ቤት ውስጥ የሰው ወጥ ሲሠሩ ይከርማሉ፤ ለራሳቸው ሽሮ የሚያንተከትኩት ዕረፍት ሲያገኙ ነው።

ስለዚህ ሞተር ወፍጮ በየመንደሩ ሲተከል «የድንጋዩ ጣዕም ቀረ» ብሎ ያዘነ ቢኖር፣ ራሱ ፈጭቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሴቶቹማ ጤፋቸውን ተሸክመው ወፍጮ ቤት ሄዱ፤ ዱቄት ለብሰው ሲመለሱም እፎይ አሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲመጣም እንደዚያው ሆነ። ጭሱ ቀረ፣ ዓይን ዳነ። እንጀራው ግን እንጀራ መሆኑን አልተወም።

ምጣዱ ከኖርዌይ፣ ጤፉ ከአይዳሆ

አሁን ወደ ስደቱ እንምጣ። ከ1974 አብዮት በኋላ አገር ጥሎ የወጣው ሰው በዛ። አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ደግሞ በርከት ያሉ ኢትዮጵያውያን በሕጋዊ መንገድ ወደዚያ ገቡ። ሻንጣ ውስጥ ሽሮና በርበሬ ይገባል፤ ምጣድ ግን አይገባም። ጤፍም በሱቅ አይገኝም። ሰዉ ያገኘውን ሞከረ፦ የስንዴ ዱቄት፣ የገብስ ዱቄት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ በፋብሪካ ማቡኪያ የተጨመረበት ዱቄት። አንዳንዱ እንደ ቂጣ ይደርቃል፣ አንዳንዱ እንደ ሙጫ ይለጥጣል። ያንን ጊዜ ያሳለፋችሁ ወላጆች ታስታውሱታላችሁ፤ ዛሬ ስታወሩት ያስቃል፣ ያን ጊዜ ግን አያስቅም ነበር።

ከዚያ አንዱ ለአንዱ የነገረው ወሬ መጣ። ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ኖርዌያውያን ሌፍሰ የሚሉት ስስ የድንች ቂጣ አላቸው። እሱን የሚጋግሩበት ክብና ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአሜሪካ ይሸጣል። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከአገር ቤቱ ምጣድ ያንሳል፤ ግን ይሞቃል፣ ጠርዙ ይደረስበታል፣ እንጀራ ያወጣል። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እናቶች ወሰዱት። የአንዱ ስደተኛ የናፍቆት ዕቃ የሌላው ስደተኛ የናፍቆት ዕቃ ሆነ። ዛሬም በስንት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ግን የኖርዌይ መሆኑን አያውቁም፤ ለእነርሱ ምጣድ ማለት እሱ ነው።

ጤፉም በሌላ መንገድ መጣ። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ጤፍ ለመደ። አገሩ ሲመለስ በአይዳሆ ግዛት በስኔክ ወንዝ አካባቢ ጤፍ አስዘራ፤ ዱቄቱም በየከተማው ባሉ የሐበሻ ሱቆች ተዳረሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር ብሎ ያልተፈጨ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለክል፣ የውጭ አገሩ ጤፍ ይበልጥ ተፈለገ። የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን መላኩ አልተከለከለም ነበር። ስለዚህ ዛሬ በአንዱ ቤት የአዲስ አበባ እንጀራ፣ በሌላው ቤት የአይዳሆ ጤፍ፣ በሦስተኛው የስንዴ ቅልቅል ይበላል። ሦስቱም ገበታ ላይ ሲቀርቡ «እንጀራ» ይባላሉ።

በነገራችን ላይ ወንዶቹም የተማሩት በስደት ነው። አገር ቤት «ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም» ተብሎ ያደገ ጎልማሳ፣ ብቻውን ተከራይቶ ሲኖር የስልክ ካርድ ገዝቶ እናቱ ጋ ይደውላል። «እማዬ፣ ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ ይቁላላ?» «ደቂቃ ምንድን ነው ልጄ? ውሃውን እስኪጨርስ ነዋ! ሽታው ይነግርሃል።» እንዲህ እየተባባሉ ነው ስንቱ አባት ወጥ ሠሪ የሆነው።

ታዲያ ምኑ ጎደለ?

እስካሁን እንዳየነው እህሉ ተለዋወጠ፣ ቅመሙ ተለዋወጠ፣ ወፍጮው ተለዋወጠ፣ ምጣዱ ተለዋወጠ፤ አገሩም ተለዋወጠ። በዚያ ሁሉ መሐል ያልተለወጠው አንድ ነገር ነበር፦ ትልቅ ሰው ሲሠራ ልጅ ከጎኑ መኖሩ። መላክ አለ፣ መያዝ አለ፣ መልቀም አለ፣ መቅመስ አለ። ማንም «ዛሬ ትምህርት አለ» አላለም፤ ልጅየው ግን ተማረ።

ያ ነው አሁን የቀረው። እዚህ የቀረው ደግሞ በክፋት ሳይሆን በፍቅር ነው። ልጁ ወደ ማዕድ ቤት ብቅ ሲል ምን እንለዋለን? «ሂድ የቤት ሥራህን ሥራ።» «ልብስሽ ይሸታል፣ ውጪ።» «እሳት አለ፣ ትቃጠላለህ።» እኛ ደክመን የመጣነው እሱ እንዲማር ነውና ጓዳውን ዘግተን መጽሐፍ እናስይዘዋለን። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፉ ቀስቅሰን፣ መኪና ውስጥ አስገብተን፣ ገንዘብ ከፍለን ወደዚህ ትምህርት ቤት እናመጣዋለን፤ እኔም ጓዳ ውስጥ የተወውን ቃል ሰሌዳ ላይ እጽፍለታለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከማዕድ ቤት ጋር መወዳደር አልችልም። ክፍል ውስጥ «ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእናንተ» የሚባለውን ትእዛዝ ለማስተማር ሳምንታት ይፈጅብኛል። ምድጃ አጠገብ የቆመ ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ «አማስል፣ ክደን፣ ቅመስ» ይባላል፤ እኅቱ «አማስዪ፣ ክደኚ፣ ቅመሺ» ትባላለች፤ አያት ብቅ ሲሉ ደግሞ «ይቅመሱት እስቲ» ሲባል ይሰማል። የሰዋስው መጽሐፍ ሦስት ገጽ በአንድ ድስት አለቀ።

ቃላቱማ ስንት ናቸው! ምስር ይለቀማል፣ ሽንኩርት ይቁላላል፣ ሽሮ ይንተከተካል፣ በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ሽምብራ ይታመሳል፣ አተር ይከካል፣ ዱቄት ይነፋል፣ ሊጥ ይቦካል። በእንግሊዝኛ ለአንዳንዱ ቃል የለውም፤ ስለዚህ ልጁ ነገሩን ካላየ ቃሉን የሚሰቅልበት ቦታ አያገኝም። አብሲትን በቃል ላስረዳ ብል እቸገራለሁ፦ ከቦካው ሊጥ ትንሽ ወስዶ፣ በፈላ ውሃ አብስሎ፣ መልሶ ሊጡ ውስጥ መጨመር ማለት ነው። አንድ ጊዜ ያየ ልጅ ግን ማብራሪያ አያሻውም። ከዚያ በኋላ ሊጡ ለምን ኩፍ እንደሚል፣ እንጀራው ለምን ዓይን እንደሚያወጣ ራሱ ይጠይቃል።

ደግሞ እነዚህ ቃላት ጓዳ ውስጥ አይቀሩም። ቋንቋችን ሰውንና ሐሳብን የሚገልጸው በእነርሱ ነው። የተናደደ ሰው ይንተከተካል። ሐሳብ ይብሰለሰላል። ያልበሰለ ሰው አለ፣ ነገር የሚያማስል ሰው አለ። ሰው አገሩን ጥሎ የሚሄደው እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ጓደኛውም ባልንጀራው ነው። ቅር ያላት ልጅ «ኩፍ አለች» ትባላለች። ሊጡን ያላየ ልጅ ይህን ሲሰማ የቃሉን ግማሽ ብቻ ይሰማል።

በዚህ ሳምንት

«ጊዜ ከየት ይምጣ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሁለት ሥራ የምትሠሩ አላችሁ፣ የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ አላችሁ። እንጀራ ጋግሩ አልላችሁም። የሱቁን እንጀራ ግዙ፤ የወፍጮ ቤቱን ዱቄት የገዛች እናት አልተወቀሰችም፣ እናንተም አትወቀሱም። ከሳምንቱ ቀናት አንዱን ብቻ ምረጡና አንድ ወጥ ከልጆቹ ጋር ሥሩ። ምስር ይበቃል። ትንሿ ትልቀም፣ ትልቁ ሽንኩርት ይክተፍ። ወንዶቹንም አትርሱ፤ ወደፊት «ስንት ደቂቃ?» ብለው በስልክ እንዳይጠይቁ። ምድጃው አጠገብ እስካላችሁ ድረስ በአማርኛ ብቻ አውሩ። ልጁ በእንግሊዝኛ ቢመልስ አትቆጡ፤ እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ። ሽንኩርቱ ቢያር፣ ወጡ ጨው ቢበዛበት ምንም አይደለም። የኛም የመጀመሪያ ወጥ ጨው ነበረው።

አያት በአጠገባችሁ ካሉ እሳቸው ይምሩ። ሩቅ አገር ከሆኑ በቪዲዮ ደውሉና ስልኩን ድስቱ ፊት ለፊት አቁሙት። የሚነግሯችሁንም ቅረጹ። «ትንሽ ጨምሪ» ሲሉ ያ «ትንሽ» ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የእሳቸው እጅ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ የተጻፈ የለም።

ለመጪው ቅዳሜ እያንዳንዱ ልጅ ከማዕድ ቤት ያገኘውን አንድ ቃል ይዞ ይምጣ፤ ምን ማለት እንደሆነም በእጁ ወይም በፊቱ ያሳየን። በትንንሾቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፈናል። የመጀመሪያው መስመር ተይዟል፤ «ኩፍ» ይላል።